ምሥጢር ተቀባይ፤ ከንስሐ አባት እስከ ኮምፒዩተር

ሰው በኀዘን ወይም በጭንቀት ሲያዝ ከመድኃኒት አስቀድሞ የሚሻው የሚያዳምጠውን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂልም ይህንኑ ያስረዳል። ይሁን እንጂ በሽታን መግለጥ ምሥጢርን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ የምክር ሁሉ መሠረቱ እምነት ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የአማካሪን ቦታ ሊይዝ ይችላልን? የሚል ጥያቄ በዓለም ሁሉ ይነሣል። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም የራሱ ታሪክ አለው፤ የታሪኩም ከፊል የተፈጸመው በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው።

የቀድሞው ምሥጢር ተቀባይ

በአዲስ አበባ የተጨነቀ ሰው ሲያማክር የኖረው የንስሐ አባቱን፣ ሼሁን፣ የሰፈር ሽማግሌውን፣ ቡና የሚያጣጣውን ጎረቤቱን ነበር። ሕመሙ ሲጠና ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጣ ነበር፤ ዛሬም የሚወጣው ብዙ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮን (ወሊሶ) በእምነት ስለሚደረግ ፈውስ ያጠናውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸውም በቡታጅራ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጡ፣ ሕዝቡ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን እንደሚመርጥ አሳይተዋል።

የዚህ እምነት ምክንያት ግልጽ ነው። መካሪው ተመካሪውን ያውቀዋል፤ እርሱም በሰፈሩ የታወቀ ነው። ምሥጢር ቢያወጣ ወይም ክፉ ቢመክር በአደባባይ ያፍራል፣ በሽማግሌ ይጠየቃል። ነገር ግን ያው ቅርበት ዕንቅፋትም ይሆናል፤ ይሉኝታና ሐሜትን የሚፈራ ሰው ከሚያውቁት ሰዎች ይሸሻል።

የባለሙያው አማካሪ መምጣት

ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በመርካቶ አካባቢ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠናም እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በውጭ አገር ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገር ውስጥ ጀመረ።

«ካውንስለር» የሚለውን ቃል ከሰፊው ሕዝብ ጋር ያስተዋወቀው ግን የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምርመራ በፊትና በኋላ ምክር መስጠት በየጤና ጣቢያው ተለመደ። «ወገን» የተባለው የ952 ነፃ የስልክ መስመርም ተከፈተ። ደዋዩ ስሙን ሳይናገር፣ ፊቱን ሳያሳይ፣ ለጎረቤቱ ያልገለጠውን ለማያውቀው ድምፅ ገለጠ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ሊዘነጋ አይገባም፤ ሰው የማያውቀውን ሊያምን ይችላል፤ ግን ከስልኩ ማዶ የሠለጠነና ኃላፊ ያለው ሰው መኖሩን ዐውቆ ነው።

በዚያው ጊዜ የከተማይቱ አሰፋፈር መለወጥ ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ተስፋፋ። በመሐል ከተማ ለዘመናት አብሮ የኖረ ጎረቤት በዕጣ ተበታተነ። ቤቱ ተሻሻለ፤ ዕድሩና የቡናው ማኅበር ግን በአንድ ቀን ዕጣ የሚተካ አልነበረም።

በኮተቤ የተሠራው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ ነበር። ነገር ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገሪቱ ሲገኝ፣ ሆስፒታሉ የወረርሽኙ ማከሚያ ሆነ። ውሳኔው በጊዜው አስፈላጊ ነበር። ሆኖም ጭንቀት በበረታበት ወቅት፣ ለአእምሮ ሕክምና የታሰበው አልጋ ለሌላ ሕመም ዋለ።

የምክር መኪና

ምክር የሚሰጥ የመሰለው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር የተሠራው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀው «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር የሚያስተውለው ነገር አልነበረም። ሆኖም የገዛ ጸሐፊው ከፕሮግራሙ ጋር መነጋገር ስትጀምር ከክፍሉ እንዲወጣላት እንደጠየቀችው ጽፏል። በዚያው ዓመት ኬነዝ ኮልቢና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር በሰዓት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን ሊያስተናግድ እንደሚችል ተስፋ ሰጡ። ዋይዘንባም ግን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፍ የሰው ርኅራኄ ለሚያስፈልገው ሥራ ኮምፒዩተርን መተካት እንደማይገባ ተከራከረ።

ይህ ክርክር በቦሌ በኩል ወደ አገራችን ገባ ለማለት ይቻላል። በሆንግ ኮንግ የተሠራችው «ሶፊያ» የተባለች ሮቦት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ መጥፋቱ በጋዜጦች ተነገረ። ኋላ ግን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኝታ በአማርኛ ተናገረች። ፕሮግራሟን ካዘጋጁት መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ይህችው ሮቦት ከአንድ ዓመት በፊት በሆንግ ኮንግ በተደረገ ምርምር ሰዎችን በማነጋገርና በተመስጦ በመምራት መንፈሳቸውን ታረጋጋ እንደሆነ ተሞክራ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ መሐንዲስ ለምክር መኪና ተመልካች ብቻ አልነበረም።

የሰዎችን እምነት በተመለከተ ሁለት ሙከራዎች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት፣ የሚያነጋግራቸው ኮምፒዩተር ብቻ መሆኑ የተነገራቸው ሰዎች፣ ከጀርባው ሰው አለ ከተባሉት ይልቅ ያለ ፍርሃት ምሥጢራቸውን እንደገለጡ አሳየ። በአንጻሩ «ኮኮ» የተባለው ድርጅት በ2023 መጀመሪያ እንዳስታወቀው፣ ለ4,000 ያህል ሰዎች በኮምፒዩተር ረዳትነት የተጻፉ የማጽናኛ መልእክቶች ከፍ ያለ ግምት ቢያገኙም፣ ተቀባዮቹ የመኪና እጅ እንዳለበት ሲያውቁ ማጽናናታቸው ቀረ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ሰው ለመናገር መኪናን ይደፍራል፤ ለመጽናናት ግን ሰውን ይሻል።

ለመሐንዲሱ የቀረው ጥያቄ

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ፣ የምክር መኪና በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛ፣ ቋንቋ ነው። አማርኛ የልብን ነገር በሆድ ይናገራል፤ «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ» ይላል። ይህን ቃል በቃል የሚተረጉም መኪና ኀዘንተኛውን ወደ ሆድ ሐኪም ይልከዋል።

ሁለተኛ፣ ምሥጢር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገር ግን ንግግሩ ተመዝግቦ የሚቀመጠው ባሕር ማዶ በሚገኝ ማከማቻ ሲሆን፣ ሕጉን በሥራ ላይ ማዋል ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛውና ዋናው ተጠያቂነት ነው። በብዙዎች ዘንድ ይታወቅ የነበረው «ዎቦት» የተባለው የምክር ፕሮግራም በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎቱን ዘጋ፤ የለመዱት ሰዎችም ያለ አነጋጋሪ ቀሩ። በነሐሴ ወርም የአሜሪካው የኢሊኖይ ግዛት መኪና ያለ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሥነ ልቦና ሕክምና እንዳይሰጥ በሕግ ከለከለ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል የአገራችን ሰው። ተጠቃሚውን ለማስደሰት የተሠራ መኪና ግን የተጠየቀውን ሁሉ ሊያውስ ይችላል፤ ማጭዱን ሲያውስም የሚይዘው እጅ፣ የሚያፍርበት ፊት የለውም።

ድልድይ ሲሠራ በንድፉ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ አለ፤ ቢፈርስ የሚጠየቀው እርሱ ነው። የንስሐ አባቱም፣ የስልክ አማካሪዋም፣ የሆስፒታሉ ሐኪምም በየራሳቸው መንገድ ፈርመዋል። የምክር መኪና ከገርጂ እስከ አያት ብቻውን ለሚቀመጠው ሰው በሌሊት የሚያዳምጥ ጆሮ ሊሆን፣ ወደ ባለሙያም ሊመራው ይችል ይሆናል። ነገር ግን የሙያ ማኅበራት ከሐኪሞች ጋር ተመካክረው በሥራው ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ እስኪወስኑ ድረስ፣ ሕዝቡ ምሥጢሩን የሚሰጠው ፊርማ ለሌለበት ሰነድ ነው።