እህለ ቀላል ገበታ

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ካሉት ጂሞች ወደ አንዱ ጎራ ቢል ቶሎ የሚሰማው ምክር «ካርብ ቀንስ» የሚል ነው። ስልኩን ሲከፍት ደግሞ «ሎው ካርብ» የሚሉ ቪዲዮዎች ይደርሱታል፤ ሳህኑ ላይ የሚያየው ሳልመን ዓሣ፣ የአልሞንድ ዱቄትና የወይራ ዘይት ነው። ብዙ ሰው «ይሄ የባለጸጋ ነገር ነው» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ከኮልፌ ጉሊት በሚገዛ ነገር ሊሠራ ይችላል።

ካርብ ማለት ካርቦሃይድሬት በአጭሩ ነው። በትምህርት ቤት ምግብን «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ብለን ስንከፍል ከኃይል ሰጪዎቹ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ ስታርችና ስኳር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ድንችና ቆጮ በብዛት እሱን ይይዛሉ። ከ100 ግራም ጤፍ 73 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት፣ 13 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ስታርቹ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል፤ ግሉኮሱ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ይጠቀማል፣ ጥቂቱን በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል፤ በየቀኑ የሚተርፈው ኃይል ስብ እየሆነ ይከማቻል።

«ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ትርጉም ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማዕድ ቤት ውስጥ የሚነገር ቃል አይደለም። «ኃይል ቀናሽ» ቢባል ደግሞ ያሳስታል፤ ቅባትም ኃይል ሰጪ ነውና፤ እንዲያውም አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው 4 ነው። እኔ የምመርጠው «እህለ ቀላል» የሚለውን ነው፤ ልበ ቀና፣ እጀ ሰፊ እንደምንለው። እህለ ቀላል ገበታ ማለት እንጀራውና ዳቦው ቀለል ብሎ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ አይቡ የበረከተበት ገበታ ነው። ድንች፣ ቆጮና ስኳር በአፈጣጠር እህል ባይሆኑም እዚህ ከእህሉ ወገን ይቆጠራሉ። ደግሞም «እህል አልቀመስኩም» ያለን ሰው ጦሙን መዋሉን ስለሚነግረን፣ ቃሉን የሚሰማ ሰው መራብ ነው ብሎ እንዳይረዳው መንገር ያስፈልጋል።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር አስፈጻሚ እ.ኤ.አ. በ1863 ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ እንዴት እንደከሳ የሚተርክ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ፤ ስዊድኖች ዛሬም ለክብደት ሲሉ ምግብ መቀነስን በእሱ ስም ይጠሩታል። ተአምር አድርገው የሚሸጡት ግን ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ እህል የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ መቀነሳቸውን አገኘ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች ግን ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልትም እንዲያበዙ ተመክረው ነበር። ለእኔ ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ የሚያስወጣ ሳይሆን የሚያተርፍ ነውና።

ስለዚህ ከሚቀነሰው እንጀምር። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ በሻይ ላይ የሚደረበው ሁለተኛና ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር። ከእነዚህ የተረፈው ገንዘብ እንቁላል ይግዛ። በየቀኑ ሥጋ ለመብላት የሚነሳ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ኪሱ ያስቆመዋል፤ ጎመንና ጥቅል ጎመን ግን ሳህን ይሞላሉ፣ ካርባቸውም ጥቂት ነው። የጉራጌና የስልጤ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩበት በኮልፌ ጎመን ክትፎን ማንም ያውቀዋል፤ ደቅቆ የተከተፈ ጎመን፣ አይብ፣ ጥቂት ቅቤ። ከቪዲዮው ሳህን በምንም አያንስም፤ አጠገቡ የሚቀርበውን ቆጮ አንድ ቁራሽ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሽሮም አይወገዝ። ሽምብራው ካርብ ቢኖረውም 100 ግራሙ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የሚያወፍረው ሽሮው ሳይሆን ተከትሎት የሚሄደው ሦስተኛ እንጀራ ነው። አንድ እንጀራ ለሁለት ተካፍሎ ወጡን በማንኪያ መብላት መጀመሪያ ላይ ነውር ሊመስል ይችላል፤ ቤተሰብ ግን ይለምደዋል።

አስቸጋሪው ጾም ነው። እንቁላልም አይብም በማይበላበት ወራት የቀረው ሁሉ እህል ይመስላል። እዚህ ላይ ተልባ ባለውለታ ነው፤ ካርቦሃይድሬቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ አሰር (ፋይበር) ስለሆነ ስኳር አያወጣም፣ ሆድም ይይዛል፤ ስኳር ሳይጨመርበት ከተጠጣ ማለት ነው። ለውዝ፣ አቮካዶ፣ ጎመንና ምስር ይደግፉታል። በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ ሳምቡሳውን አንድ አድርጎ ሾርባውን ማስቀደም ይቻላል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጀምር አጥብቄ እለምናለሁ፤ እህሉ ቀንሶ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ የደም ስኳር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ።

ከገበታው ጎን እንቅስቃሴም ያስፈልጋል፤ የእግር እርምጃውን ደግሞ ኮልፌ በነጻ ይሰጣል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነበር፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዘው በተወሰነ ሰዓት ረጅም መንገድ በእግር እንዲጨርሱ ይደረጉ እንደነበር በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እየተነፈሱ መራመድ ቀላል ሥራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከጦር ኃይሎች የባቡር ጣቢያ ወርዶ ታክሲውን ትቶ ወደ 18 ማዞሪያ በእግሩ የሚመለስ ሠራተኛ ጉዞው ግማሽ ሰዓት ከፈጀበት በአምስት ቀን ያሟላዋል፣ የታክሲውም ሂሳብ ይቀርለታል። ቀለበት መንገዱን ግን በመሸጋገሪያ ድልድዩ ብቻ ይሻገር።

ከእግር ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 130 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ክብደቱን በዋናነት የሚቀንሰው ገበታው ነው፤ እርምጃው ልብን ያበረታል፣ ከምግብ በኋላ ከሆነም የደም ስኳሩን ያረጋጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተቀመጠው ግሉኮስ ውሃ አዝሎ ስለሚኖር አብሮት ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሲያዘግም ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ፤ ያኔ የሚወርደው ግን በአብዛኛው ስብ ነው። በየማለዳው ሚዛን ላይ ከመውጣት ይልቅ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብን በወር አንድ ጊዜ መለካት ይሻላል።