የአያት ቤት የቲሞች፦ ኤድስ፣ ውርስና የሙት ልጅ አሳዳጊነት በጎንደር ሙስሊሞች ዘንድ

ስለ ሙት ልጅ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከርኅራኄ ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ ግን የሚነሣው ከገንዘብ ነው። በምዕራፉ መግቢያ የተደነገገው የየቲሙ ንብረት እንዳይበላ፣ መልካሙ በመጥፎ እንዳይለወጥበት፣ ለአቅመ አዳምና ለአእምሮ ብስለት ሲደርስም ገንዘቡን በምስክር ፊት እንዲረከብ ነው። የኤድስ ወረርሽኝ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸው የጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ ሙስሊም ልጆች እንዴት እንዳደጉ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ልጁን ማን አበላው የሚለው ጥያቄ በሌሎች ብዙ ተጽፎበታል፤ ልጁ ያደገበት ቤት በመጨረሻ የማን ሆነ የሚለው ግን ገና አልተነካም ማለት ይቻላል።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። በፊቅህ አነጋገር የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ እናቱ ብቻ የሞተችበት በዚህ ስም አይጠራም። አማርኛው «የሙት ልጅ» ወይም በቆየው አጠራር «ድሃ አደግ» ሲል ይህን ያህል አጥብቆ አይለይም። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም «የቲም» የሚለውን ቃል እንዳለ ያቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ደግሞ ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱን ያጣውን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ የዕድሜውንም ወሰን ቀድሞ 15፣ ኋላ 18 ዓመት አድርገውታል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በየቲም ስም የሚሰበሰብ ሰደቃ አባቱ በሕይወት ያለውን ልጅ ሊያልፈው ይችላል፤ በኤድስ ዘመን ደግሞ ያ በሕይወት ያለ አባት ራሱ አስታማሚ የሚሻ ሊሆን ይችላል። ዘካም ቢሆን ከስምንቱ ተቀባዮች መካከል የቲምን በስሙ አይጠራም፤ ልጁ የሚገባው በድህነቱ በኩል ነው።

የንብረቱ ጥያቄ በጎንደር ሙስሊሞች ዘንድ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። በከተማው ዝቅተኛ ክፍል፣ በቀሃ ወንዝ አቅራቢያ ያለው «እስላም ቤት»፣ አዲስ ዓለምም የሚባለው ሰፈር፣ ታሪኩ ከዚህ ትእዛዝ ጋር የተሳሰረ ነው። የርስት በር በጥቅሉ የተዘጋበት ይህ ማኅበረሰብ ኑሮውን በንግድና በሽመና መሠረተ። ነጋዴው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በሰሜንም ወደ ምፅዋ ይዘልቅ ነበር። አባት ሲሞት ለልጁ የሚተርፈውም ቤት፣ የሽመና ዕቃ፣ የጭነት ከብት፣ ጥሬ ገንዘብና በሌላ ነጋዴ እጅ ያለ ዕዳ ነበር። ርስትን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ወሰኑም በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ጥሬ ገንዘብ ግን ከአጎት ሸቀጥ ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የማን እንደነበር የሚለይ ሰው አይገኝም።

ከዚሁ ሁኔታ ሌላ ነገርም ተከተለ። በካይሮም ሆነ በኢስታንቡል ለሙት ልጆች ቀለብና ትምህርት የዋለው ወቅፍ በእርሻ መሬትና በሱቅ ኪራይ የቆመ ነበር። ርስት የሌለው ሕዝብ እንዲህ ያለ ሰፊ ወቅፍ ሊያቆም አይችልም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሙስሊሙ ገበሬ የመሬት ተጠቃሚ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ግን ቤት አከራይቶ ተቋም ማቆም የሚቻልበትን መንገድ ዘጋ። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው ነሣ ማለት ነው። ስለዚህ የጎንደር የቲም ማደሪያ የዘመድ ቤት ብቻ ሆኖ ቆየ። ወንድ ልጅ አንድ ተጨማሪ በር ነበረው፤ ደረሳ ሆኖ ሊቀራ ወደ ሼኽ ይሄድና በመንደሩ ሰው ቀለብ ያድጋል። የክርስቲያኑ ድሃ አደግ አኮፋዳውን አንግቶ የቆሎ ተማሪ እንደሚሆነው ነው። ለሴት ልጅ ይህ በር አልተከፈተም፤ የእርሷ መውጫ ቶሎ መዳር ወይም በሰው ቤት ማገልገል ነበር።

ሞት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ወዲያው ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ተከተለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተውም ይህ እልቂት ባስከተለው ድንጋጤ ነው። እነዚህ ሁሉ መጥተው ገድለው ያለፉ ናቸው። ኤድስ ግን መጥቶ የሚቀመጥ ነበር። አባትን አስቀድሞ እናትን ሲያስከትል፣ አንዳንዴም በመካከሉ ሕፃን ሲወስድ፣ አንድ ቤት ለዓመታት ያስታምምና ይቀብር ነበር። ልጁ ብቻውን ሲቀር ንብረቱ በመድኃኒት፣ በጠበልና በመጓጓዣ አልቆ ይገኛል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የምንናገርላቸው ልጆች በአብዛኛው የእነዚያ 19 ዓመታት ልጆች ናቸው። ጎንደር በአዘዞ የጦር ሰፈር ያለባት፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው መንገድ የሚነሣባት፣ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የተበተነ ወታደርና ከሱዳን የሚመለስ ስደተኛ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣትም ወራቱን ከቤቱ ርቆ ያሳልፋል፤ በሽታው ወደ ደጋው መንደር ከወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከመቶ 12 ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። በዚያው ዓመት አካባቢ በወጣው የመንግሥት ግምት በአገሪቱ ከነበሩት 5.4 ሚሊዮን ያህል የሙት ልጆች 900 ሺህ የሚጠጉት ወላጆቻቸውን ያጡት በኤድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ቁጥሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተገምቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በኢትዮጵያው ግምት ከስድስት የሙት ልጆች አንዱ ያህል ነው የኤድስ የሚባለው። ከውጭ የመጣው ርዳታ ግን ብዙውን ጊዜ የበሽታውን ስም ይዞ የመጣ ነበር፤ ዕርዳታውን ለማግኘት የወላጅን ሕመም መግለጥ ያስፈልጋል፤ ሕመሙን መግለጥ ደግሞ ልጁን በጎረቤትና በትምህርት ቤት ለመገለል ያጋልጠዋል። ሸሪዓው የቲምን አባትህ በምን ሞተ ብሎ አይጠይቀውም። የኡጋንዳ እስላማዊ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኢማሞችን እያሠለጠነ ስለ በሽታው በየመስጊዱ እንዲነገር ማድረጉ፣ በ2001ም የሙስሊም መሪዎች የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ምክክር በካምፓላ መደረጉ፣ ዝምታው ከሃይማኖቱ የመነጨ እንዳልነበረ ያሳያል።

አማርኛ «አያት ያሳደገው» ሲል በቅምጥል ያደገ፣ ተግሣጽ ያልነካው ልጅ ማለቱ ነው። ወረርሽኙ አባባሉን ገለበጠው። ወላጅ የሆነው ትውልድ ሲያልፍ አያት፣ በተለይም ሴት አያት፣ ጉልበቷ ባለቀበት ዕድሜ እንደገና እናት ሆነች። ፊቅህም እናት ስትሞት በሐዷና ተራ የእናትን እናት ያስቀድማል፤ እስከዚህ ድረስ ልማዱና ሕጉ ይስማማሉ። ችግሩ የሚመጣው አያት ስትሞት ነው።

አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። አያቲቱ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ታላቁ ታሞ ሞተ፤ ሚስቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተከተለችው፤ ወንድና ሴት ልጆች ቀሩ። ከታላቁ ልጅ ንብረት ለእናቱ ስድስተኛ እጅ፣ ለሚስቱ ስምንተኛ እጅ ደረሰ፤ ቀሪው ለልጆቹ ሆነ። ልጆቹም በአያታቸው ቤት አደጉ። አያቲቱ ስትሞት በሕይወት ያለው ታናሹ ልጅ የወንድሙን ልጆች ከውርስ ያግዳቸዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሐጅብ ይሉታል፤ የቀረበው የራቀውን ይከለክላል፤ በዚህ ላይ አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። የቲሞቹ ካደጉበት ቤት ምንም አይደርሳቸውም። ከአባታቸው ወደ አያታቸው የተሻገረው ስድስተኛ እጅ እንኳ ለአጎት ይሆናል። የሞተችው ሴት ልጅ ከነበረች ልጆቿ ከዚህም የራቁ ናቸው።

ይህ ደንብ ብቻውን የቆመ አይደለም። በሐነፊ መዝሀብ የሚወርስ ዘመድ ችግረኛ ዘመዱን የመቀለብ ግዴታም ይከተለዋል። ሆኖም ደንቡ በጤናው ዘመን ጥቂት ቤቶችን ብቻ የሚነካ ነበር፤ ልጅ ከወላጁ ቀድሞ መሞቱ እንግዳ ነገር ነበርና። በወረርሽኙ ጊዜ ግን የዘወትር ጉዳይ ሆነ። ሌሎች የሙስሊም አገሮች ይህን ቀድመው አይተውታል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣችው የኑዛዜ ሕግ ወላጁ ቀድሞ የሞተበት የልጅ ልጅ ከሲሶ ባልበለጠ መጠን «ግዴታ ወሲያ» እንዲያገኝ አደረገች፤ ለዚህም ከድጋፎቿ አንዱ የማይወርሱ ዘመዶችን በኑዛዜ ማሰብ ግዴታ ነው ያለው የኢብን ሐዝም አስተያየት ነው። ፓኪስታን በ1961 የልጅ ልጁ በወላጁ ቦታ ተተክቶ እንዲወርስ ደነገገች፤ ይህ ግን ከብዙ ዑለማእ ተቃውሞ ገጥሞታል።

በእኛ አገር ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞተን ልጅ በተወላጆቹ ይተካል። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 የታወቁት፣ በፌዴራል ደረጃም በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 እንደገና የተደራጁት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ውርስን፣ ወቅፍንና የሕፃናት ሞግዚትነትን በሸሪዓ ይዳኛሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እንዳለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። እንግዲህ ለአካለ መጠን ላልደረሰ የቲም የሚስማማለት ማን ነው? ሞግዚቱ ነው። ሞግዚቱስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያው አጎት ነው። በአንዱ ሕግ ተካፋይ፣ በሌላው ብቸኛ ወራሽ የሚሆን ሰው ስለ ልጁ የሕጉን ምርጫ ሲያደርግ ጥቅሙ ከልጁ ጥቅም ጋር ይጋጫል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ቃዲው ለየቲሙ ሌላ ተጠሪ መሾም አለበት እንላለን፤ ፊቅሁም ቃዲውን ወሊይ ለሌለው ወሊይ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን አያቲቱ በሕይወት ሳለች የምታደርገው ኑዛዜ ነው። የታገደው የልጅ ልጅ ወራሽ ስላልሆነ ለእርሱ መናዘዝ አይከለከልም፤ መጠኑ ከሲሶ አይለፍ እንጂ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ኢማሙ ወይም የእድሩ ሽማግሌ ሁለት ምስክሮችን ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ ይበቃል። በሽታው ረጅም መሆኑ ለወላጆችም ጊዜ ይሰጣቸው ነበር፤ ኑዛዜ መጻፍ ግን ሞትን መጥራት መስሎ ይታይ ስለነበር ጊዜው ሳይሠራበት ያልፋል። በዚህ ረገድ የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 በአቡ ዳቢ ያሳለፈው ውሳኔ ሊታወቅ ይገባል። ኤድስ «የሞት ሕመም» ተብሎ የታማሚውን ስጦታ የሚገድበው፣ ምልክቶቹ ተሟልተው የዘወትር ኑሮውን ሲከለክሉትና ሞት ሲከተለው ነው። ደሙ ውስጥ ቫይረሱ ስለተገኘ ብቻ የአባት ወይም የእናት ስጦታ አይፈርስም ማለት ነው።

ስለ ጡትም ጥቂት እንበል። በአማራው ባህል «የጡት ልጅ» ያለ ወተት፣ በቃል ኪዳንና በምስክር የሚመሠረት ልጅነት ነው። በሸሪዓ ግን የረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ.) አሳዳጊ ልጅ የዘይድ ጉዳይ በሱረቱ አል-አሕዛብ ከተወሰነ ወዲህ ከፋላ የዘር ሐረግን አይለውጥም፤ ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግና በ1995ቱ የአማራ ክልል ሕግ የተደነገገው ጉዲፈቻ በዚህ ነጥብ ከከፋላ ይለያል። ባዕድ ሕፃን ላሳደገች ሙስሊም እናት የቀረበው መፍትሔ ረዳዕ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጡት ካጠባችው መሕረም ይሆናታል። ሐነፊው ጥቂቱም ይበቃል ሲል ሻፊዒው አምስት ጊዜ ይላል። ቫይረሱ በወተት እንደሚተላለፍ ሲታወቅ ይህ ጥንታዊ መፍትሔ ራሱ ምርመራ የሚሻ ሆነ። አካዳሚው በዚያው ውሳኔ እናት ሕፃኗን ከማሳደግና ከማጥባት የሕክምና ማስረጃ ካልከለከላት በስተቀር እንደማትታገድ አስቀምጧል።

የሐዘን ቤት ድግስም ያለፈ ልማድ አይደለም። ለሟቹ ሰደቃ ተብሎ ከብት ሲታረድ ከብቱ ካልተከፋፈለው ውርስ ከሆነ፣ ከወራሾቹም መካከል ሕፃን ካለ፣ እንግዳው የሚበላው ከየቲሙ እጅ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ገንዘቡን ሊፈቅድ አይችልም። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ሐዘን ሲገባ ይህ ምን ያህል እንደሚያጎድል ለመገመት አያስቸግርም። ለቀብር የተቋቋመው እድር ወጪውን ከራሱ ሣጥን የሚሸፍንበት ቦታ የልጁ ድርሻ ሳይነካ ይቀራል።

መድኃኒቱ በነፃ መታደል በጀመረበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ከእርሱ የሚቀድሙት አግብተዋል፤ ወልደዋል። በወሲያቸው እጅ የቆየውን የመጠየቂያ ጊዜያቸው ነው፤ ጥያቄውም ወደ ሽማግሌና ወደ ቃዲ መምጣቱ አይቀርም። የሚጠየቀው አጎት ችግረኛ ከሆነ ከየቲሙ ገንዘብ በአግባብ መመገቡ ተፈቅዶለታል፤ ባለጸጋ ከነበረ ግን ሊታቀብ ይገባው ነበር። ሒሳቡን ለማየት በመጀመሪያ የሚፈለገው አባትየው በሞተበት ሳምንት ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዕቃ የዘረዘረ ወረቀት፣ ወረቀት ከሌለም ያን ቀን በሐዘኑ ቤት ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው።