የተዘጋ በር ዕዳ፦ ከሎረንሺያን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ምን እንማራለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት አባል ነበርሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥቀስ ለዛሬው ጉዳዬ አይጠቅምም። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ስብሰባ ስንገባ በየወንበራችን ፊት ወፍራም ሰነድ ተቀምጦ ጠበቀን፤ ከምሳ በፊትም ድምፅ እንድንሰጥበት ተጠየቅን። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ፣ ሰብሳቢው «ጊዜ የለንም» አሉ፣ እጅ ወጣ። ከወጡት እጆች አንዱ የእኔ ነበር። ሰነዱ ሁለት የትምህርት ክፍሎችን የሚያጥፍ መሆኑን የተረዳሁት ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነበው ነው። ያች የእጄ ነገር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ስለዚህም የሎረንሺያን ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ማንበብ ስጀምር የማነበው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

ሎረንሺያን ከቶሮንቶ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰድበሪ ከተማ ያለ፣ በካናዳ መለኪያ መካከለኛ የሚባል፣ ዘጠኝ ሺህ ያህል ተማሪዎችን ያስተምር የነበረ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ገንዘቡም የካናዳ ዶላር ነው።

ሰድበሪ የኒኬል ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ማዕድኑ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ የኖረችው ከመሬት በታች በሚወጣውና ከመሬት በላይ በሚቀልጠው ነገር ነው። በፈረንሳይኛ ተናጋሪነታቸው የተገፉ፣ በሃይማኖታቸው ካቶሊክ የሆኑ ሠራተኞች በብዛት ሰፈሩባት። ለእነዚህ ሰዎች ልጆች በ1913 ኮሌጅ የከፈቱላቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ነበሩ። ኮሌጁ በ1957 የሰድበሪ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ማለት ይኖርበታል። በ1945 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን የተረከቡት፣ በ1950ም በአባ ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት የዚሁ ማኅበር ሰዎች፣ ከዚያው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ናቸው። የእኛም የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ የሰድበሪውም ኮሌጅ፣ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሎረንሺያን የተመሠረተው በ1960 በኦንታሪዮ ምክር ቤት በወጣ ሕግ ነው። አወቃቀሩ ለየት ያለ ነበር። የካቶሊኮቹ የሰድበሪ ዩኒቨርሲቲ፣ የዩናይትድ ቸርች ሃንቲንግተን፣ በኋላም የአንግሊካኖቹ ቶርንሎ፣ ራሳቸውን ችለው እየኖሩ በሎረንሺያን ጥላ ሥር በኅብረት ያስተምሩ ነበር። ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሆኖ፣ ኋላ ላይ የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች ባህልና ጥናት ሦስተኛው ምሰሶ ሆኖ ተጨመረ።

አስተዳደሩ ደግሞ የብዙዎቹን የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት የተከተለ፣ ሁለት ምክር ቤት ያለው ነው። ሥርዓቱ ከ1906ቱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይጀምራል። ሕጉ የወጣው ፖለቲከኞች በመምህራን ቅጥርና በበጀት እጃቸውን እንዳያስገቡ ለመከላከል ሲሆን፣ ገንዘቡንና ንብረቱን ለቦርድ፣ ትምህርቱን ለሴኔት ሰጠ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1966፣ ጄምስ ደፍና ሮበርት በርዳል የተባሉ ሁለት ምሁራን የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችን አስተዳደር መርምረው ጉድለቱን አወጡ። መምህራን በቦርድ ይወከሉ፣ ሴኔቱ ይጠንክር፣ ውሳኔውም ግልጽ ይሁን የሚል ነበር ምክራቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ገንዘብ የሚወስነው ሰው ትምህርቱን ካላወቀ፣ ትምህርት የሚወስነውም ገንዘቡን ካላየ፣ ሁለቱም በጨለማ ይመክራሉ።

ወደ ውድቀቱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሥራው ልመስክር፤ ሥራው የሚያኮራ ነውና።

ሰድበሪ ለአሥርት ዓመታት ማዕድን ስታቀልጥ የኖረችው የድኝ ጭሷን ወደ ሰማይ እየለቀቀች ነው። ዛፉ አለቀ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ዓለቱ ጠቆረ፣ ሐይቆቹ አሲድ ሆኑ። የአፖሎ ጠፈርተኞች በ1971ና በ1972 ለልምምድ ወደዚያ ሲሄዱ ሕዝቡ «ጨረቃን ስለምትመስል ነው» ብሎ አወራ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ጥንት የወደቀ የጠፈር አካል በድንጋዩ ላይ የተወውን ምልክት ለማጥናት ነበር። በዚህ የተቃጠለ መሬት ላይ ሣር እንዴት ሊበቅል እንደሚችል ከመረመሩት መካከል የሎረንሺያኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ኪት ዊንተርሃልደር ይገኙበታል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት በአሲዳማው አፈር ላይ ሲነሰነስ ዕፅዋት ራሳቸውን መተካት እንደሚጀምሩ አሳዩ። ከ1978 ጀምሮ ከተማው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የማዕድን ኩባንያዎቹና ነዋሪው ተባበሩ፤ ተማሪዎችና ከሥራ የተቀነሱ ማዕድን ቆፋሪዎች የኖራ ከረጢት እየተሸከሙ ኮረብታውን ወጡ። በ2022 አሥር ሚሊዮነኛው ዛፍ ተተከለ። የሐይቆቹ ማገገምም በሎረንሺያን ተመራማሪዎች ዓመት በዓመት ሲመዘገብ ቆይቶ፣ ዛሬ ሌላው ዓለም የሚጠቅሰው ትምህርት ሆኗል።

በ1975 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህር ጋየታን ዠርቬና ተማሪው ሚሼል ዱፒዊ የኦንታሪዮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን አረንጓዴና ነጭ ባንዲራ አሰናዱ። መጀመሪያ የተሰቀለውም በዚያው ግቢ፣ በሰድበሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኋላ ክፍለ ሀገሩ በሕግ ተቀበለው። በ2005 ሎረንሺያን ከሌክሄድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሰሜን ኦንታሪዮን የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሐኪም ለተጠማው ሰሜን የራሱን ልጆች ሐኪም እያደረገ የሚሰጥ ተቋም ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች፣ በተሠራው የኒውትሪኖ ምርምር ጣቢያም የሎረንሺያን የፊዚክስ መምህራን ተሳትፈዋል። የዚያ ምርምር መሪ የነበሩት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲው አርተር ማክዶናልድ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

እነዚህን ሥራዎች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምንድን ነው? በእኔ እይታ ሁሉም በጋራ የተሠሩ፣ ውጤታቸው ለሁሉም የታየ መሆኑ ነው። የኮረብታውን ኖራ የከተማው ሰው ሁሉ አይቶታል። ባንዲራው በአደባባይ ተሰቅሏል። የኒውትሪኖው መለኪያ በብዙ አገር ሳይንቲስቶች ተፈትሿል።

የግንባታው ዕዳ ግን እንዲህ አልታየም።

ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ሎረንሺያን ግቢውን ለማስፋትና ለማደስ ወደ 168 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ብድሩ ግን ሪባን የለውም። ተማሪው ይበዛል ተብሎ የተገመተውን ያህል አልበዛም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው ዕዳው ቀስ እያለ ወሰዳቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ለምርምር የተሰጠ ገንዘብ፣ ለጋሾች ለተወሰነ ዓላማ ያዋጡት ገንዘብ፣ ጡረተኞች ለሕክምናቸው ያስቀመጡት ገንዘብ፣ ከዕለት ወጪው ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር። አንድ ተመራማሪ «የእኔ ድጋፍ ባንክ ውስጥ አለ» ብሎ ያምናል፤ ገንዘቡ ግን የመብራትና የደመወዝ ክፍያ ሆኖ አልቋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሌላውንም ወገን ልናገር። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2018 ከካናዳ ጋር ተጣልታ ተማሪዎቿን ጠርታለች። የኦንታሪዮ መንግሥት በ2019 የትምህርት ክፍያን በ10 በመቶ ቀንሶ አግዶታል። የሰሜኑ ሕዝብ ቁጥርም ብዙ አይጨምርም። ሆኖም እነዚህን ጫናዎች ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተሸክመዋል፤ እንደ ሎረንሺያን ግን አልወደቁም።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ዩኒቨርሲቲው የከሰሩ ኩባንያዎች ከአበዳሪዎቻቸው ጋር በሚደራደሩበት ሕግ ከለላ ለማግኘት ፍርድ ቤት ገባ። በካናዳ ታሪክ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ድርድሩ በምስጢር ተካሄደ። በኤፕሪል ሴኔቱ በዝግ ስብሰባ፣ በጠበበ ቀነ ገደብ፣ የቀረበለትን ጥቅል አጸደቀ፤ 58 የመጀመሪያ ዲግሪና 11 የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ተዘጉ። ሃያ ስምንቱ በፈረንሳይኛ ይሰጡ የነበሩ ናቸው። ሁለት መቶ የሚጠጉ መምህራንና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ከሦስቱ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የነበረው የስድሳ ዓመት ኅብረትም ፈረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ከተዘጉት መካከል ጥቂቱን ብቻ ልቁጠር። የኒውትሪኖ ጣቢያ ካለበት ከተማ ፊዚክስ ተዘጋ። ሒሳብ ተዘጋ። ፍልስፍና ተዘጋ። ከኖራ ተነሥቶ ደን ካበቀለው ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጥናት ተዘጋ። በሁለት ቋንቋ አዋላጆችን ያሠለጥን የነበረው ክፍል ተዘጋ። ስለዚያ ሴኔት ሳነብ የታየኝ የራሴ እጅ ነው። «ጊዜ የለንም» የሚለውን ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ አላውቅም፤ ትርጉሙ ግን አልጠፋኝም።

ከዚያ በኋላ የኦንታሪዮ ኦዲተር ጄኔራል ቦኒ ላይሲክ ምርመራ ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው የሕግ ባለሙያና የደንበኛ ምስጢር ነው እያለ ሰነዶችን ከለከላቸው፤ እስከዚያም ድረስ ደረሰና በዲሴምበር 2021 ምክር ቤቱ ራሱ ሰነዶቹ እንዲቀርቡ አዘዘ። በ2022 የወጣው የኦዲተሯ ዘገባ የውድቀቱ ዋና ምክንያት በቅጡ ያልታሰበበት ግንባታ መሆኑን፣ ቦርዱ መቆጣጠር ሲገባው እንዳልተቆጣጠረ፣ ሚኒስቴሩም በጊዜ እንዳልደረሰ አስረዳ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ፍርድ ቤት የሄደው ሌላ መንገድ አጥቶ ሳይሆን መርጦ መሆኑንም ገለጠ። የመምህራኑ የኅብረት ስምምነት የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ መጽሐፉ ተገልጦ፣ ሒሳቡ ለመምህራን ታይቶ፣ በጋራ የሚመከርበትን ሥርዓት አስቀምጦ ነበር። ያ በር አልተከፈተም። ለጠበቆችና ለአማካሪዎች ግን ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ።

ዩኒቨርሲቲው በኖቬምበር 2022 ከፍርድ ቤት ጥበቃ ወጣ። ከሥራ የተባረሩት መምህራን በዕቅዱ መሠረት ይጠብቁት የነበረው ክፍያ ከሚገባቸው ከሩብ ያነሰ ነበር። የፌደራሉ ፓርላማም በ2024 የመንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ወደዚያ የኩባንያ ሕግ ዳግም እንዳይጠጉ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጣ። ሎረንሺያን ዛሬም ያስተምራል፤ ቁስሉ ግን ገና አልጠገገም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ካናዳን ለመተቸት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚያ መንገድ የመጀመሪያው ተጓዥ ሆኗል። በመሠረቱ እደግፈዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከሚኒስትር ቢሮ በሚወርድ ደብዳቤ ሊመራ አይገባውም ብሎ ያልተናገረ መምህር ከመካከላችን ማን አለ? የሎረንሺያን ታሪክ የሚያስተምረን ግን ነፃነት ለማን ተሰጠ የሚለውን ጥያቄ እንድንጠይቅ ነው። ነፃነቱ ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ከሆነ ኮረብታ ያለመልማል። ለጥቂት ሰዎች ዝግ ክፍል ከሆነ ደግሞ አለቃው ተለወጠ እንጂ ነፃነት አልመጣም፤ እንዲያውም ቀድሞ ሚኒስትሩን እንወቅስ የነበርን፣ አሁን የምንወቅሰውን እንኳ አናውቅም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የዩኒቨርሲቲ በሽታ የሚደበቀው በቦርድ ቃለ ጉባኤ ብቻ አይደለም። ሳያነብ እጁን በሚያወጣ የሴኔት አባልም ይደበቃል። እኔ ያን ቀን እጄን ባላወጣ ኖሮ ውጤቱ ላይለወጥ ይችል ነበር። ቢያንስ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ሰው «አላነበብሁትም፣ ስለዚህ አልወስንም» ማለቱ ተጽፎ ይቀር ነበር። የተዘጉት ክፍሎች ተማሪዎች አንድ ቀን ያን መዝገብ ቢገልጡ የሚያገኙት ስሜን ነው፤ ከተስማሙት ተርታ።