ወይራ ከደጅ፥ ዘይት ከባሕር ማዶ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በወግዲ ደጋ በኩል ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከጽዱ ጋራ ወይራ ቆሞ ያያል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ቅጠል የወይራ ቅጠል ብለው ስለ ጻፉት፥ ብዙ ሰው በደጁ የቆመው ዛፍ ያ የዘይቱ ዛፍ ይመስለዋል። ይህም በግማሽ እውነት ነው። የኢትዮጵያ ወይራ ለሜዲትራኒያን ባሕር ወይራ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ነገር ግን የደጋው ወይራ ፍሬው ጥቃቅን፥ ሥጋውም ስስ ነውና ተጨምቆ ማድጋ የሚሞላ ዘይት አይሰጥም። ስለዚህ ባላገሩ ለሞፈር፥ ለበትር፥ ለጥርስ መፋቂያ፥ ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ሲያውለው ኖረ እንጂ ዘይት ፈልጎ ወደ ወይራ አልሄደም።

ፍሬው የወፈረውን ወይራ ያለሙት በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በሶርያና በፍልስጥኤም አገር የነበሩ ሰዎች ናቸው። በገሊላ ተቈፍሮ በወጣ የሸክላ ስባሪ ላይ 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይራ ዘይት ርዝራዥ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ዘይት መብልም መብራትም መድኃኒትም፥ የንጉሥና የካህን መቀቢያም ሆነ። ሰሎሞን ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም ስለ ዝግባው እንጨት ከስንዴ ጋራ ዘይት በየዓመቱ ይሰጥ እንደ ነበር መጽሐፈ ነገሥት ይመሰክራል። የታቦተ ጽዮን ምርኮ በደረሰባት ጊዜ የተሸበረችው አቃሮንም፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የዘይት ከተማ ነበረች፤ ቈፋሪዎች ከፍርስራሿ ከ100 የሚበልጡ መጭመቂያዎች አውጥተዋል። ጌቴሴማኒ ማለትም የዘይት መጭመቂያ ማለት ነው።

ይህ ዘይት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በንግድ ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ ጸሓፊ በ1ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ህንድ ባሕር ንግድ በግሪክ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ፥ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፈው ዕቃ መካከል የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ይቈጥራል፤ ሁለቱንም ግን ጥቂት ይላቸዋል። ይህች «ጥቂት» የምትል ቃል ልትታለፍ አይገባም። ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ ነውና፥ ማድጋው አቀበቱን ወጥቶ ከተማ እስኪገባ ድረስ ዋጋው ምን ያህል እንደሚያድግ መገመት አያስቸግርም። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን ክርስትና በገባ ጊዜም፥ ሥርዐቱ ዘይት የሚጠይቅ ሃይማኖት የወይራ ዘይት ወደማይጨመቅበት ደጋ ወጣ።

ደጋውም ካለው ሰጠ። በግብጽና በግሪክ አገር በዘይት ቀንዲል ይበራ የነበረው ቤተ መቅደስ፥ በዚህ በሰም ጧፍ በራ፤ የቀንዲል ስም ግን ለድውያን በሚጸለይበት ምሥጢር ላይ ጸንቶ ቀረ። ለጾሙ ወጥ ደግሞ ኑግ ነበር። ኑግ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ደጋ የበቀለ የምድሩ ልጅ ነው፤ የአክሱምን የጥንት አፈር የመረመሩ ሊቃውንት ዘሩን ከተልባ ዘር ጋራ አግኝተዋል። ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ማሳው ከመስከረም በኋላ በአበባው ቢጫ ይሆናል። ቅቤ በተከለከለበት ቀን ሁሉ እናቶች ኑጉን ቈልተው፥ ወቅጠው፥ በፈላ ውኃ አሽተው የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቀዱ ነበር፤ ታሪክ ጸሓፊዎች ስለዚህ ድካም የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው።

ኑግ በአንድ ነገር ብቻ የወይራን ዘይት ሊተካ አልቻለም። ሜሮን ከወይራ ዘይትና ከብዙ ሽቱ የሚቀመም ስለ ሆነ፥ ኢትዮጵያ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ከማግኘቷ አስቀድሞ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ በኖረችበት ዘመን ሜሮኑም ከዚያው ይመጣ ነበር። በወግዲ አጥቢያ የተጠመቀ የገበሬ ልጅ፥ ወላጆቹ በዕድሜያቸው ያልቀመሱትን ዘይት በግንባሩ ተቀባ።

የስሙ ነገር ግን ተገለባብጧል። በግዕዝ ዘይት የሚለው ቃል የዛፉም የቅባቱም ስም ነበረ፤ ዕብራይስጡና ዐረብኛውም ከዚያው ሥር ናቸው። አማርኛ ግን ቃሉን ለኑጉም ለሰሊጡም ለሱፉም አካፈለው፤ ዐረቦች የወይራን ፍሬ የሚጠሩበት ዘይቱን የሚለው ስምም በኢትዮጵያ ገበያ ለሌላ ጣፋጭ ፍሬ ሆነ። ስለዚህ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ያንን የጥንቱን ዘይት ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ዘይት ስጡኝ ማለት ብቻ አይበቃውምና፥ ለደጋው ሰው ከቶ ዘይት ያልሰጠውን የደጁን ዛፍ ስም ጨምሮ የወይራ ዘይት ብሎ ይጠይቃል።