ዘንዶው ሀገር ሲሰጥ፦ የ64 ኪሎባይቱ ጨዋታ ለምን አላረጀም?

እስቲ አንድ የደምበጫ ገጠር ምሽት አስቡ። እራት ተበልቷል፤ እሳቱ ግን ገና አልከሰመም። አንዱ ልጅ «እንቆቅልህ?» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ!» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል፤ መልሱ ይጠፋል። ያኔ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ተሸናፊው ፍኖተ ሰላምን ይሰጣል። አሸናፊው «አነሰኝ» ብሎ ቡሬን፣ ሲያሰኘውም ጎንደርን ሊጠይቅ ይችላል። ሀገሩን ከተቀበለ በኋላ እዚያ ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ፣ ተሸናፊው ደግሞ እንዴት እንደተዋረደ እያጋነነ ያወራል። የእንቆቅልሹ መልስ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ለአንድ ደቂቃ የቡሬ ገዢ ሆነ። ማንም «ውሸትህን ነው» አላለውም። ለምን? ጨዋታው ሕግ አለው፤ ሹመቱም በሕጉ የተገኘ ነው። ሌላ ሰው ሆኖ በሕግ መጫወት ማለት ይህ ነው። በቪዲዮ ጌም ዓለም «ሮል ፕሌይንግ» የሚባለው ግዙፍ ዘርፍ የቆመውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ታዲያ ያ ዘርፍ ከየት መጣ? መነሻው ኮምፒውተር አልነበረም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነበር። በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አሳተሙ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ጦረኛ ወይም አስማተኛ ይሆናሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ዋሻ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ዳይሱ ተጥሎ ዕድል ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጡት «አልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» የተባሉ ጨዋታዎች ይህን ሐሳብ በኮምፒውተር ላይ የሚያጫውቱ ነበሩ። የተራኪውን ቦታ ፕሮግራሙ ወሰደ። ችግሩ ጨዋታዎቹ ለጀማሪ ከባድ ነበሩ፤ ኮምፒውተርም በየቤቱ አልነበረም። ሁለቱንም አጥብቆ የወደደ ዩጂ ሆሪ የተባለ ጃፓናዊ «ይህን ነገር ልጆች ሳሎናቸው ቁጭ ብለው ለምን አይጫወቱትም?» ብሎ ተነሣ። ውጤቱ «ድራገን ክዌስት» ነው። ግንቦት 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠመው የፋሚኮም ማጫወቻ ወጣ።

ሙሉ ጨዋታው የያዘው ቦታ 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት ይበልጣል፤ ከጨዋታው ከ30 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ግን ከተሞች፣ ዋሻዎች፣ ጭራቆች፣ ሙዚቃና ታሪክ ነበሩ። ሥዕሉ ጥቂት ካሬ ነጠብጣብ ነው፤ የቀረውን የሚሞላው የተጫዋቹ አእምሮ ነው። እሳት ዳር የተቀመጠው ልጅ ቡሬን በቃል ብቻ እንደሚያያት ማለት ነው።

ግን ምናብ ብቻውን ተጫዋቹን አያቆይም። የሆሪን ብልሃት በሦስት እንየው።

አንደኛ፣ መድረሻው ገና ከጅምሩ ይታያል። ከንጉሡ ግንብ ስትወጡ የዘንዶው ጌታ ግንብ ከውሃው ማዶ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቅርብ ነው፤ መሻገሪያው ግን የለም። እሱን ለማግኘት ዓለሙን ሁሉ መዞር አለባችሁ።

ሁለተኛ፣ መሸነፍ መጨረሻ አይደለም። ብትሞቱ ንጉሡ ፊት ትነቃላችሁ። ከወርቃችሁ ግማሹ ይጠፋል፤ ያካበታችሁት ልምድ ግን አይነካም።

ሦስተኛ፣ ማደግ ይቆጠራል። ወደ ደረጃ 2 ለማለፍ 7 የልምድ ነጥብ ይበቃል። ለቀጣዩ 23፣ ከዚያ 47፣ ከዚያ 110 ያስፈልጋል። የመጨረሻው ደረጃ 30 ሲሆን የሚጠይቀው 65,535 ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልመጣም፤ በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ሽልማቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ኋላ እየራቀ ይሄዳል። «አንድ ደረጃ ብቻ» እያላችሁ ሌሊቱ የሚነጋው በዚህ ስሌት ነው። እንግዲህ የሚያስተምረውም እንቅልፍ የሚሰርቀውም ያው አንድ መሣሪያ ነው፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን መቼ ማቆም እንዳለበት ለመወሰን ይቀለዋል።

በጃፓኑ ካርትሪጅ ላይ ጨዋታን ማስቀመጫ ቦታ እንኳ አልነበረም። ንጉሡ 20 ፊደላት ያሉት ቃል ይሰጣችኋል፤ በደብተር ትጽፉታላችሁ፤ ነገ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። አንዷን ፊደል ከተሳሳታችሁ ድካማችሁን ውሃ በላው!

አሁን ወደ ፍጻሜው እንምጣ። ከብዙ ልፋት በኋላ ከዘንዶው ጌታ ፊት ትቆማላችሁ። እሱ ግን ወዲያው አይዋጋም። «ከእኔ ጋር ሁን፤ የዓለሙን ግማሽ እሰጥሃለሁ» የሚል ግብዣ ያቀርባል። «እሺ» ያለ ተጫዋች ጨዋታው እዚያው ያበቃበታል። እንዴ! በእኛ እንቆቅልሽ ሀገር የሚሰጠው ተሸናፊው ነው፤ የተቀበለም አሸናፊ ነው። እዚህ ግን ሀገር የተቀበለው ተሸነፈ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ቡሬን በጥያቄው አግኝቷታል፤ ከዘንዶው የሚገኘው ግን በክህደት ነው። ተጫዋቹም «እምቢ» ብሎ የሚመልሰው ራሱ ነው፤ ማንም አልመለሰለትም። ፊልም ላይ ጀግናው እምቢ ሲል እናያለን፤ እዚህ እምቢ የምንለው እኛ ነን። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋው ጨዋታ ዛሬም የሚወደድበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ይህን ለመሥራት ውድ ማሽን የግድ አይደለም። አንድ ሉክ ወረቀትና ዳይስ ይዛችሁ ሞክሩት። መነሻው ደምበጫ ይሁን፤ መንገዱ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ቡሬ ይድረስ፤ ከዚያ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ወርዶ አባይ ላይ ያብቃ። አባይን ከመጀመሪያው ካርታው ላይ ሳሉት፤ መድረሻው መታየት አለበት። በየመንገዱ ጭራቅ ይቁምና እንቆቅልሽ ይጠይቅ። መልሱ የጠፋበት የገንዘቡን ግማሽ ከፍሎ ወደ ደምበጫ ይመለስ፤ የተማረው መልስ ግን ከእሱ ጋር ይቅር።

ለጭራቆቹ ብዙ እንቆቅልሽ ያስፈልጋችኋል። ሁሉም መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ብዙው ያለው በአያቶች ቃል ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ዛሬ ማታ ሳይተኙ ጠይቋቸው፤ እንደ ጃፓን ልጆችም አንድ ፊደል እንዳትስቱ።