የዳኞች ምክክር በወንጀል ችሎት

የዳኞች ምክክር ማለት በአንድ የወንጀል ጉዳይ ማስረጃና ክርክር ተሰምቶ ካበቃ በኋላ፣ ፍርድ ሰጪዎቹ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን ለብቻቸው የሚያደርጉት ውይይት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህን ሥራ በከባድ ወንጀሎች የሚሠሩት ከሕዝቡ መካከል ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚመረጡ ሰዎች፣ ማለትም ጁሪ፣ ናቸው። በኢትዮጵያ ጁሪ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት የተሾሙ ዳኞች ናቸው።

የጁሪ አባላት አብዛኛውን ጊዜ 12 ናቸው። በር ዘግተው ይነጋገራሉ፣ ከዚያ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «ጥፋተኛ አይደለም» ይላሉ፤ ምክንያታቸውን ግን አይጽፉም። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህ በሁሉም ግዛቶች የጸናው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ ስምምነት ከታጣ 10 ለ2 የሆነ ድምፅ ይበቃል።

== በኢትዮጵያ ==

የኢትዮጵያ ሕግ ከጁሪ በእጅጉ የሚለየው በምክንያት አጻጻፍ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149፣ ፍርዱ የማስረጃውን ፍሬ ሐሳብ፣ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ውድቅ የተደረገበትን ምክንያትና የተጠቀሰውን የሕግ አንቀጽ እንዲይዝ ያዛል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለም ቅጣቱ ወዲያው አይነገርም፤ በመጀመሪያ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሹ ስለ ቅጣቱ አስተያየት ይሰጣሉ።

በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት መቀመጫ መርሳ፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ወልድያ ነው። በወረዳ ደረጃ ብዙውን ጊዜ አንድ ዳኛ ብቻውን ስለሚያስችል ምክክር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሟገተው ከራሱ ጋር ነው። ሦስት ዳኞች ሲሰየሙ ሰብሳቢው ዳኛ በመካከል ይቀመጣል፣ የግራና የቀኝ ዳኞች አብረውት መዝገቡን ይመረምራሉ። ካልተስማሙ የሁለቱ ሐሳብ ፍርድ ይሆናል፣ የሦስተኛው ደግሞ «የሐሳብ ልዩነት» ተብሎ በመዝገቡ ይሰፍራል። የመርሳ ሰው ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይግባኝ ሲል ስህተቱን የሚያሳየው ከዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። ምክንያቱ ባይጻፍ ምን ብሎ ይቃወማል?

የሐሳብ ልዩነት ክብደት በደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ታይቷል። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ላይ የዘር ማጥፋት ጥፋተኝነት ፍርድ የሰጠው 2 ለ1 በሆነ ድምፅ ነበር። ሦስተኛው ዳኛ ግድያዎቹን አልካዱም። ነገር ግን የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ለፖለቲካ ቡድኖች ይሰጥ የነበረው ጥበቃ በደርግ ዘመን በወጣ አዋጅ ስለተሻረ፣ ተከሳሾቹ ጥፋተኛ ሊባሉ የሚገባው በከባድ የሰው ግድያ ነው ብለው ጻፉ። ማስረጃው አንድ ሆኖ ዳኞቹን የለያየው አንቀጹ ነበር።

== የቀድሞው ልማድ ==

በጎንደር ነገሥታት ሸንጎ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ነበር። በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አገሩን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ይህን ሥርዓት መዝግቧል፤ የንጉሡ ቃል በ«ቃለ ሐፄ» በኩል የሚሰማው በመጨረሻ ነው። ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ «እርስዎ እንዳሉት» ከማለት በቀር ምን ይተርፈው ነበር? የጁሪም ሆነ የዳኞች ምክክር ዛሬም የሚፈተነው በዚህ ነው።

== ሽምግልና ==

በወሎ ገጠር ሰው ሲገደል ሌላ ምክክርም አለ። ሽማግሌዎች የሟችንና የገዳይን ወገን አስታርቀው ደም ለማድረቅ ይቀመጣሉ። እዚህ ድምፅ አይቆጠርም፤ አንድ ወገን ካኮረፈ ደሙ አልደረቀምና ንግግሩ ይቀጥላል። ዕርቁ የግድያ ክሱን አያስቀርም። ሽማግሌዎቹ ካሳውን ጨርሰው ቢያስታርቁም ዐቃቤ ሕግ ወልድያ ላይ ክርክሩን ይቀጥላል፤ ተከሳሹ ግን መታረቁንና መካሱን ቅጣት ለማቅለል ሊያቀርበው ይችላል።