ንግግርን የማከም ሙያ በመስቃን

አፉን በጊዜው ያልፈታ ልጅ በጉራጌው መስቃን ምድር ለረጅም ዘመን የሐኪም ጉዳይ አልነበረም። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩበት በቡታጅራ ዙሪያ ልጁ ለዱዓ ወይም ለጸበል ይወሰዳል፤ አለዚያም ወጌሻ ያየዋል። ወጌሻ በይበልጥ የሚታወቀው ስብራትና ውልቃት በማሸት ቢሆንም፣ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች እንጥልም ይቆርጣል። ምክንያቱ የሕፃኑ እንጥል አብጦ ትንፋሽ ይዘጋል የሚለው ፍርሃት ነው። እንጥል የተንጠለጠለው በላንቃ ለስላሳ ክፍል ጫፍ ላይ ነው። ይህ ክፍል ሰው ሲናገር ወደ ኋላና ወደ ላይ ተነስቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። ምላጩ እንጥሉን አልፎ ላንቃውን ከጎዳ፣ በአፍ መውጣት የነበረበት አየር በአፍንጫ ያመልጣል፣ ንግግሩም ይነፋነፋል። ይህ ከደም መፍሰሱና ከቁስል መመረዙ በተጨማሪ የሚመጣ ጉዳት ነው።

ሕጉ ለወጌሻው ለረጅም ጊዜ ቦታ ሰጥቶታል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት የሕክምና አዋጆች ሐኪም እንዲመዘገብ ሲያስገድዱ፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቀ ባህላዊ አዋቂ ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ እንዲሠራ ፈቅደዋል። እንጥል መቁረጥ ከዚህ ጥላ ሥር በግልጽ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ከጎጂ ልማዶች መድቦ ለሚያስከትሉት ጉዳት ቅጣት ደነገገ።

መስቃን ከሌሎች የገጠር አካባቢዎች የሚለየው ችግሩ ቀድሞ በመቆጠሩ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት የነርቭ ሕመሞችን አጠኑ። የተጠየቀው ሕዝብ 60,820 ነበር። ከ100,000 ሰው 520ው የሚጥል በሽታ፣ 240ው ከፖሊዮ የተረፈ ሽባነት፣ 170ው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ 130ው ደግሞ መስማትና መናገር አለመቻል እንዳለባቸው ተገኘ። የመጨረሻው ቁጥር ሲሰላ በተጠናው ሕዝብ ውስጥ ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ማለት ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። መስማትና መናገር በአንድ መዝገብ መግባታቸው፣ እየሰማ መናገር ያልቻለውን፣ የሚንተባተበውን፣ ላንቃው የተሰነጠቀውን ልጅ አያሳይም። አጥኚዎቹ በዚህ አይወቀሱም፤ የፈለጉት የነርቭ ሕመም ነበርና። በዚያው ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀምሮ በአሥር ቀበሌዎች ልደትና ሞት ይመዘግብ ነበር። ስለዚህ የመስቃን ገበሬ መጠይቅ ይዞ በሩን የሚያንኳኳ ወጣት ለምዶ ነበር። የንግግር ባለሙያ ግን አላየም፤ በአገሪቱ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረምና።

በሌላው ዓለምም ሙያው ወጣት ነው። የአሜሪካው የሙያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925፣ የብሪታንያው ኮሌጅ በ1945 ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሻ ሰው ማስተርስ ይማራል፣ አገር አቀፍ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያም በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር ወራት ይሠራል። ከኢትዮጵያ ቀደምት የጤና ማሠልጠኛዎች አንዱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ ያፈራቸውም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ ነበሩ። ወባና ፈንጣጣ በበዛበት አገር ንግግር ተራው እስኪደርስ መቆየቱ አያስገርምም።

ክፍተቱን በከፊል የሸፈኑት ወላጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፍተው፣ የፊደል ገበታውን ሆሄያት ከድምፃቸው ጋር የሚያስተምር «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምናን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ለሙያው ከፍተኛ ፍላጎት የነበረው የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ በሚታከምበት ዘርፍ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀዳዳውን ቢደፍንም የልጁ የአነጋገር ልማድ አብሮ አይስተካከልም። ባለሙያው ትንሽ መስታወት ከልጁ አፍንጫ ሥር ይዞ «ጣጣ»፣ «ፓፓ» ያስብለዋል፤ መስታወቱ ላብ ካወጣ አየሩ በአፍንጫ እያመለጠ ነው። እንደ ጠ፣ ጨ እና ጸ ያሉት ፈንጂ ድምፆች አፍ ውስጥ የታመቀ አየር ስለሚፈልጉ፣ ላንቃው የማይዘጋ ልጅ በእነሱ ይቸገራል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 ማንም ሰው ያለ ሙያ ፈቃድ የጤና አገልግሎት እንዳይሰጥ ደነገገ፤ ዝርዝሩን ደንብ ቁጥር 299/2006 አወጣ። ተመራቂው የትምህርት ማስረጃውን አቅርቦ ይመዘገባል፣ ፈቃዱንም በየጊዜው ያድሳል፤ ለማደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ጤና ሚኒስቴር ለተወሰኑ ሙያዎች አገር አቀፍ የብቃት ፈተና መስጠት ጀምሯል።

በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለጉራጌ ልጅ የከፍተኛ ትምህርትን ደጅ ቢያቀርብም፣ ንግግር ማከም የሚሻ የመስቃን ወጣት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በአማርኛ ተለማምዶ ቢመለስ የሚጠብቁት ልጆች ከቤታቸው መስቃንኛ፣ ስልጥኛ ወይም ማረቆኛ ይዘው የመጡ ናቸው። መስቃንኛና ስልጥኛ ሴማዊ፣ ማረቆኛ ኩሻዊ ነው። መስቃንኛ ከንፈር ከብቦ የሚነገሩ ተነባቢዎች አሉት፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ ትክክለኛውን ድምፅ ስህተት ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣውን የቃላት መመርመሪያ ከመጠቀሙ በፊት፣ ልጁ በየቀኑ የሚሰማቸውን ቃላት ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጠይቆ የራሱን ዝርዝር ማዘጋጀት ይኖርበታል።